ምን አገባህ ያላሉት ዳኛ

«ሴትዮዋ አረፉ» አለኝ በስልክ፣ የድሮው የፍርድ ቤታችን ዘበኛ ጋሽ በቀለ። ስም አልጠራም፤ እኔም የትኛዋ ብዬ አልጠየቅሁም። በደርግ ጊዜ፣ ከተማችንን አዋሳ እያልን በምንጠራበት ዘመን፣ ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ «ሴትዮዋ» ከተባለ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ዳኛ እልፍነሽ። ባለጉዳይ ሲከፋው «ሴትዮዋ ጋ ደረሰብኝ» ይላል፤ ደስ ሲለው «ሴትዮዋ ጋ ደረሰልኝ» ይላል። ያም ሆነ ይህ ሁሉም ያውቃቸው ነበር።

ቀብራቸው በትውልድ አገራቸው ጎጃም ተፈጽሟል። ለእኛ የደረሰን ወሬው ብቻ ነው። ለቅሶ የምደርስበት ቤት፣ «እግዜር ያጽናችሁ» የምለው ዘመድ እዚህ ስላልነበረ ወደ ሐይቁ ወርጄ ከሾላው ሥር ብዙ ተቀመጥኩ። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች የዓሣ ሆድ ዕቃ እየተሻሙ ነበር። ወደዚያ ሐይቅ በምትወርድ ወንዝ ምክንያት የደረሰባቸውን ነገር አንድ በአንድ ያስታወስኩት ያን ዕለት ነው።

እኔ የችሎት ጸሐፊና የሲዳምኛ አስተርጓሚ ነበርኩ። እሳቸው ወደ እኛ ፍርድ ቤት ተዛውረው በመጡ የመጀመሪያው ቀን አንድ ገበሬ ምስክር ቀረበና ረጅም ነገር ተናገረ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ አጎቱ በሬ፣ ስለ ገበያው መንገድ አወራ። እኔም እንደ ልማዴ «አላየሁም ነው የሚለው» ብዬ ዘጋሁት።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ አይልም፤ መነጽራቸውን ነው የሚያወልቁት።

«ማቴዎስ፣ ይህን ሁሉ ተናግረው አላየሁም ብቻ ነው ያሉት?»

«ፍሬ ነገሩ እሱ ነው፣ ወይዘሮ እልፍነሽ።»

«ፍሬውን እኔ እለየዋለሁ። አንተ ከነገለባው አምጣልኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከነገለባው አመጣላቸው ነበር። ሌላም ነገር አስተዋልኩ። ሌሎቹ ዳኞች ገበሬውን «አንተ» ሲሉት እሳቸው «እርስዎ» ይላሉ። እኔም በሲዳምኛ በአክብሮት መልሼ ስናገር የባለጉዳዩ ትከሻ ቀና ሲል አያለሁ። አጭር፣ ቀጠን ያሉ ሴት ነበሩ። በበጋም በክረምትም ጥቁር ሻርፕ ከአንገታቸው አይለይም። ባል ሞቶባቸው ነው እንል ነበር። ማን ደፍሮ ይጠይቃል? መኖሪያቸው አዲስ ከተማ ሰፈር ነበር፤ በጋሪ እየመጡ በእግራቸው ይመለሳሉ።

ያኔ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ሐይቁ በምትወርድ አንዲት ትንሽ ወንዝ ዳር የመንግሥት ቆዳ ፋብሪካ ተተክሎ ነበር። ፋብሪካው ብዙ ሰው ቀጥሯል፤ ቆዳው ወደ ውጭ ይላካል፤ በየስብሰባው ይጨበጨብለታል። ከፋብሪካው በታች ያለችው ወንዝ ግን መልኳ ተለወጠ። አንዳንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንዳንድ ቀን እንደ ዝገት ቀይ ሆና ትወርዳለች። ዳር ዳሩን አረፋ ይይዛታል። ሽታው ነፋስ በዞረ ቁጥር ከተማ ድረስ ይመጣል። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይይዛል እንጂ የሚናገር አልነበረም።

የተናገሩት አቶ ሀሜሶ ናቸው። ወንዙ ሐይቁን ከሚገናኝበት አጠገብ የሚኖሩ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው አርሶ አደር ነበሩ። በትራቸውን ለጋሽ በቀለ አስረክበው ችሎት ገቡ። ሦስት ላሞቻቸው ከወንዙ ጠጥተው ሞተውባቸዋል። የእንስሳት ሐኪም የላሞቹን ሆድ ከፍቶ አይቶ መርዝ ነው ብሎ ጽፎላቸዋል። ዛፍ ሥር ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰው ክሱን በሁለት ከፍሎ ነበር ያዘጋጀላቸው፤ አንደኛ ፋብሪካው የላሞቹን ካሣ ይክፈል፤ ሁለተኛ ፍሳሹን ወደ ወንዙ መልቀቁን ያቁም።

ለፋብሪካው የቀረበው ነገረ ፈጅ አቶ ታደሰ ይባላል። ጎበዝና ጨዋ የሕግ ሰው ነበር። ተነሥቶ ኮቱን ቆለፈ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ በላሞቹ ጉዳይ ለመከራከር ዝግጁ ነን። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ከመነሻው ሊቀርብ የሚገባው አይደለም። ወንዙ የከሳሽ ንብረት አይደለም። መሬትም ውሃም የሰፊው ሕዝብ ሀብት ነው፤ በሕዝቡ ስም የሚያስተዳድረው መንግሥት ነው፤ ፋብሪካውም የመንግሥት ነው። ከሳሽ ከሌላው ሰው የተለየ መብት እንዳላቸው አላሳዩም። ስለዚህ ስለ ወንዙ የመክሰስ መብት የላቸውም።»

ቃል በቃል ተረጎምኩ። አቶ ሀሜሶ ጥቂት አሰቡና አንዲት አጭር ጥያቄ ጠየቁኝ። ለዳኛዋ አቀረብኩ፦ «‹ምን አገባህ ነው የሚለኝ?› ይላሉ።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቁም። መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ።

«አቶ ታደሰ፣ ያሉት ሲጠቃለል እሱ ነው?»

«እኛ በሕግ አነጋገር የመክሰስ መብት እንለዋለን፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«ምን እንደምንለው አውቃለሁ። እኚህ ሰው ግን በደንብ ነው የገባቸው።» ወደ አቶ ሀሜሶ ዞሩ። «ወንዙ ምንዎ ነው?»

ሰውየው የመለሱትን አሁንም በሲዳምኛ እሰማዋለሁ። «ጠዋት ፊቴን የምታጠብበት ነው። ቤተሰቤ የሚጠጣው፣ ከብቴ የሚጠጣው ነው። የኔ ነው አላልኩም፤ አባቴም የኔ ነው ብሎ አያውቅም። ሲበላሽ ግን የምጠማው እኔ ነኝ።»

«የገበሬ ማኅበራችሁ ለምን አብሮ አልከሰሰም?»

«ሊቀመንበሩ ፈራ። ‹መንግሥትን በመንግሥት ዳኛ ፊት ትከሳለህ እንዴ?› አለኝ።»

ዳኛዋ ቦታውን ሳያዩ ብይን እንደማይሰጡ ተናግረው ቀጠሮ ሰጡ።

በቀጠሮው ቀን በፍርድ ቤቱ ላንድሮቨር ወረድን። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅና አቶ ታደሰ ቀድመው ደርሰዋል። የአካባቢው ሰውም ወሬውን ሰምቶ ዳርና ዳር ቆሟል። ሥራ አስኪያጁ የፋብሪካው ፍሳሽ ወደ ወንዙ ከሚገባበት ቦይ አፍ ላይ ቆሞ፣ ውሃው ቀለም እንጂ ጉዳት እንደሌለው በረጅሙ ማስረዳት ጀመረ። ገና ሳይጨርስ ከሕዝቡ መካከል አንድ ጎልማሳ ቅል ይዞ ወጣ፤ ከዚያ ሰማያዊ ውሃ ሞልቶ ለሰውየው አፍንጫው ሥር ዘረጋለት።

«ጠጣና ምስክር!» አለው።

«ይጠጣ! ይጠጣ!» ሕዝቡ ተቀበለ። ሥራ አስኪያጁ ፊቱ አመድ መሰለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሲጠጣ ባየው ደስ ይለኝ ነበር።

«ቅሉን ያስቀምጡ» አሉ ዳኛዋ።

«ጉዳት የለውም ብሎ የለም እንዴ!»

«ብሏል። ጉዳት የለውም ካለ በማስረጃ ያስረዳል። ማስረዳት ካቃተው ከኪሱ ይከፍላል። በሆዱ ግን አይከፍልም። ፍርድ ቤት ሰው አይመርዝም።» ወደ እኔ ዞር ብለው «ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለህ ተርጉም» አሉኝ። ተረጎምኩ። ጎልማሳው ቅሉን መሬት ላይ አስቀመጠ።

የላሞቹን በረት ለማየት ወደ አቶ ሀሜሶ ግቢ ስንዘልቅ ከእንሰቱ ኋላ በእሾህ የታጠረች ትንሽ የአፈር ክምር አየን። ዳኛዋ ቆሙ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ልጄ ነው» አሉ አቶ ሀሜሶ። «የመጨረሻው። ተቅማጥ ይዞት ነው የሞተው።»

«መቼ?»

«ላሞቹ በሞቱበት ሰሞን።»

«ታዲያ ይህን ለምን በክስዎ አላነሱትም?»

«ላሞቹን ሐኪም አይቷቸዋል፤ ወረቀት ሰጥቶኛል። ልጄን ያየው የለም። ምን ብዬ ልክሰስ?»

ይህን ስተረጉምላቸው ዳኛዋ ጥቁር ሻርፓቸውን ከአንገታቸው አንሥተው፣ ሴቶች ለቅሶ ቤት ሲገቡ እንደሚያደርጉት በራሳቸው ላይ ጣሉት። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉ። አቶ ታደሰም ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ወደ በረቱ ሄድን።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ከእሳቸው፣ ከሾፌሩና ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። እሳቸው በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ነበር።

«ያልተጠየቀ ዳኝነት አይሰጥም ይላል ሕጉ» አሉ። «ትክክል ነው። ዳኛ ከተጠየቀው አልፎ መሄድ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ግን ዛሬ ትክክል መሆኑ መረረኝ።»

ጥቂት ከሄድን በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ስለ ሻርፑ ነገሩኝ። አዲስ አበባ ተማሪ የነበረ ታናሽ ወንድም ነበራቸው። በዚያ ክፉ ጊዜ ከቤት ተወሰደ፤ ከዚያ ወዲያ የት እንዳለ የሚነግር አልተገኘም። ስንቅ ይዘው ከአንዱ እስር ቤት ወደ ሌላው ተንከራተቱ። በመጨረሻ አንድ በር ላይ የቆመ መሣሪያ ያነገተ ሰው ስንቁን መለሰላቸውና «አንቺ ምን አገባሽ?» አላቸው።

«እህቱ ነኝ አልኩት» አሉኝ ወይዘሮ እልፍነሽ። «እህትነት አልበቃም። ማቴዎስ፣ እኔ ያን ቃል ከችሎት ወንበር ላይ ሆኜ ለሰው መልሼ ማለት አልችልም። ሕጉ ካስገደደኝ እላለሁ። ግን መጀመሪያ ሕጉ ማስገደዱን በደንብ አያለሁ።»

ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ሰው ወደ ቢሯቸው መጣ። ካኪ የለበሰ፣ በከተማው የሚፈራ ባለሥልጣን ነበር። እኔ መዝገብ ይዤ ገብቼ ነበርና ልውጣ ስል «ቁጭ በል» አሉኝ እሳቸው። ሰውየው በእኔ መኖር ቅር ቢለውም ጀመረ።

«ጓድ እልፍነሽ፣ እንደ እህት ልምከርሽ ብዬ ነው። ፋብሪካው የምርት ዘመቻ ላይ ነው። በአንድ ገበሬ ላም ምክንያት ምርት ከተደናቀፈ የኢኮኖሚ አሻጥር የሚሉ ሰዎች አይጠፉም።»

በዚያ ዘመን ያ ቃል ምን እንደሚያመጣ የማያውቅ አልነበረም። እሳቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጓድ፣ በዚህ መዝገብ ተከራካሪ ነዎት?»

«እንዴት?»

«ከሳሽ ወይም ተከሳሽ ነዎት?»

«አይደለሁም። እኔ እንኳ—»

«ጥቅሜ ይነካል የሚሉ ከሆነ ሕጉ በር አለው። በማመልከቻ ጣልቃ ይግቡ፤ ከሳሽም ተከሳሽም ባሉበት በችሎት እሰማዎታለሁ። ጥቅም ከሌለዎት ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ለመናገር መብት የለዎትም።»

ሰውየው ፊቱ ደም ለበሰ። «እናያለን» ብሎ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ወይዘሮ እልፍነሽ የሻይ ብርጭቋቸውን አነሡ፤ ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት። «ፈርቻለሁ» አሉኝ እንደዋዛ፣ «በል መዝገቡን አምጣው።»

የፍርዱ ቀን ችሎቱ እስከ በረንዳው ሞልቶ ነበር። ፍርዱን ሲያነቡ በየዓረፍተ ነገሩ እየቆሙ እንድተረጉም ጊዜ ሰጡኝ። አቶ ታደሰ የተከራከረው ፋብሪካው በተፈቀደለት መንገድ ስለሠራ ጥፋት የለበትም ብሎ ነበር። እሳቸው ግን፣ መርዝነት ባለው ነገር እየሠራ የሚጠቀም ሁሉ ጥፋት ባይገኝበትም እንኳ በሥራው ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅሰው ካሣውን ፈረዱ። ወደ ወንዙ ሲደርሱ ከወረቀቱ ላይ ቀና አሉ።

«ወንዙ የሁሉም ነው ማለት የማንም አይደለም ማለት አይደለም» አሉ። «ከእሱ የሚጠጣ ሰው ከእሱ ጋር ጉዳይ አለው። ከሳሽ ባለቤት ነኝ አላሉም፤ ጠጪ ነኝ ነው ያሉት። ለዚህ ፍርድ ቤት ይህ ይበቃል።» ፋብሪካው ፍሳሹን ሳያጣራ መልቀቁን እንዲያቆም አዘዙ።

እልል ያለ አልነበረም። ሰው እርስ በርሱ እየተያየ ወጣ፤ የሰማውን ገና ያላመነ ይመስል ነበር።

ፋብሪካው ይግባኝ አለ። የበላይ ፍርድ ቤት የላሞቹን ካሣ አጸናው፤ የወንዙን ትእዛዝ ግን ሻረው። ከሳሽ የሁሉም በሆነ ሀብት ላይ የተለየ መብት ስለሌላቸው ስለ ወንዙ መክሰስ አይችሉም ብሎ ነበር የወሰነው። ውሳኔው ሲደርስ ወይዘሮ እልፍነሽ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ይሳደባሉ ብዬ ስጠብቅ «በሕግ እንዲህም ሊባል ይችላል» አሉና ፈርመው መለሱልኝ። ያን ቀን ግን ምሳ አልበሉም።

ብዙ ሳይቆይ የዝውውር ትእዛዝ መጣላቸው። ቦታው ሩቅ ነው፤ ወባ የበዛበት ቆላ። ከፍርዱ ጋር የተያያዘ ስለመሆኑ ማንም የነገረኝ የለም፤ እኔም እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም። እሳቸውም አንድ ቀን እንኳ እንዲያ ብለው አያውቁም።

የሄዱ ቀን ጋሽ በቀለና እኔ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘናቸው። አቶ ሀሜሶም መጥተው ኖሮ፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዘው ቆመዋል። ሴትዮዋ ከባለጉዳይ ብርጭቆ ውሃ እንኳ እንደማይቀበሉ ስለማውቅ ተሳቀቅሁ። እሳቸው ጥቅልሉን አዩት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ማቴዎስ፣ መዝገቡ ተዘግቷል?»

«ተዘግቷል።»

«እንግዲያውስ ይህ ቁርስ ነው» አሉና እዚያው ቆመው ቆርሰው በሉ፤ ለእኛም ቆረሱልን። አቶ ሀሜሶ «ይቅርታ፣ በእኔ ምክንያት ነው የሚሄዱት» እንድልላቸው ነገሩኝ፤ ተረጎምኩ። «እርስዎ የጠየቁት ዳኝነት ነው» አሏቸው። «ዳኝነት መጠየቅ ይቅርታ የሚያስብል ነገር አይደለም።» አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ።

ነገሩ በዚያ ያበቃ መስሎን ነበር። ካሣው ተከፍሎ አቶ ሀሜሶ ጊደሮች ሲገዙ ግን ወንዙ ዳር ያለ ሰው ሁሉ አየ። አንድ ሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ መዝገብ ቤቱ መስኮት ፊት ሰልፍ ተሠርቷል። አንዱ በሬ ሞቶበታል፤ አንዷ ፍየሎቿ አልቀውባታል፤ ሌላው አህያው። በወንዙ ውሃ እግሩ የቆሰለበትም ነበር። ቅሉን ሞልቶ የነበረው ጎልማሳ ከሰልፉ ፊት ቆሟል።

«ምነው ሁላችሁ ባንድ ጊዜ?» አልኩት።

«ስለ ወንዙ አያገባችሁም ተብለናል» አለኝ። «ስለ በሬያችን ግን ያገባናል ተብሎ ተፈርዷል። ስለዚህ ስለ በሬያችን መጣን።»

በማግሥቱም መጡ። በሚቀጥለው ሳምንትም መጡ። አዲሱ ዳኛ ወጣት፣ ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ የበላይ ፍርድ ቤት ያጸናውን የኃላፊነት ፍርድ እያየ፣ በማስረጃ የተረጋገጠለትን ሁሉ ይፈርድ ጀመር። አቶ ታደሰ ከችሎት ወደ ችሎት ሲሮጥ ከሳ። አንድ ቀን በረንዳው ላይ አጠገቤ ቁጭ አለና «ማቴዎስ፣ ያኔ ወንዙን አታበላሹ መባሉን ብቻ ተቀብለን ቢሆን ይሻለን ነበር» አለኝ። ፍሳሹ ይጣራ ብሎ ሥራ አስኪያጁን ያሳመነው እሱ ራሱ እንደሆነ በኋላ ሰማሁ። ፋብሪካው ማጥለያ ጉድጓዶች አስቆፈረ፤ ፍሳሹ በየጉድጓዱ እየተኛ፣ ዝቃጩን እየጣለ መውረድ ጀመረ። ወንዟም ቀስ በቀስ መልኳ ተመለሰ።

ይህን ለወይዘሮ እልፍነሽ በቃሌ ልነግራቸው ፈለግሁ። ፈቃድ ወስጄ በጭነት መኪና ተሳፍሬ ቆላ ወረድኩ። ወባው አገርጥቷቸው፣ ጸጉራቸው ነጥቶ፣ በቆርቆሮ ክዳን ሥር በምትፋጅ አንዲት የፍርድ ቤት ክፍል ውስጥ አገኘኋቸው። ሻርፑ አሁንም ከአንገታቸው አልወረደም። ስለ ሰልፉ፣ ስለ አዲሱ ዳኛ፣ አቶ ታደሰ ስለተናገረው ነገር፣ ስለ ጉድጓዶቹ ሁሉ ነገርኳቸው። እንደ ለመዱት ከነገለባው ነገርኳቸው። አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም።

«ከብቶቹ ይጠጣሉ?» አሉኝ ስጨርስ።

«ይጠጣሉ። የሞተ ከብት ካየን ቆየን።»

«ሰዎቹስ?»

ይህን አልጠበቅሁም ነበር። «ሰዎቹ እንኳ እስካሁን ራቅ ካለ ምንጭ ነው የሚቀዱት። ወንዙን ገና አላመኑትም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ዓይናቸውን ጠርገው መልሰው አደረጉት። በመስኮቱ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ባለጉዳይ ይታያል።

«እንግዲያው ገና አልተፈረደም» አሉ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ችሎታቸው ገቡ።